አልጋውን እንዳትነኪው

ካውያ የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች ነን። አንሶላ ዘርግታ መዳፏን አንዴ ስታሳልፍበት ሽብሽብ የሚባል ነገር አይቀርበትም። እኔ ምድር ቤት አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ እልካለሁ፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታነጥፋለች፤ የማናውቀው ሰው ይተኛበታል፤ በማግስቱ ያው አንሶላ ተጨማዶ ወደ እኔ ይወርዳል። እሷ በዚህ ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እኔ አሥራ አራት። በዕድሜም በልጅም ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ስታስቀኝ ወይም ስታናድደኝ ደግሞ እትዬ ካውያ።

በቀን አሥራ አምስት ክፍል ይደርሳታል። ሁለት አልጋ ያለውም ክፍል አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠርላት፤ ይህን ቆጠራ ያወጣው ሰው አልጋ አንጥፎ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ወገቧ ካስቸገራት ቆይቷል። ካጎነበሰችበት ቀና ስትል መጀመሪያ ግድግዳውን ትይዛለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ቤቷ ስትገባም ሦስት አልጋ ይጠብቃታል። የዓመት ፈቃዷን እናቷን ስታስታምም፣ ልጅ ስትወልድ፣ ከቤት ቤት ስትቀይር ጨርሳው ነው የኖረችው። ደክሞኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ፊቷ ግን ይናገራል።

ባለፈው ወር ታዲያ አስተዳደሩን ድንገት ርኅራኄ ያዘው። ለአንድ ነባር ሠራተኛ ከነቤተሰቡ የአምስት ቀን እረፍት ይሰጣል ተባለና ዕጣው ለእሷ ወጣ። የሆቴላችን ባለቤቶች ሁለት ትልልቅ የመዝናኛ ሪዞርቶች አሏቸው፤ ከሁለቱ አንዱን መርጣ እስከ ዓርብ ድረስ ፎርም ሞልታ ማስገባት ነበረባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላጎነበሰች ሴት አምስት ቀን! የክፍሎች ኃላፊዋ ሁለት የሚያብለጨልጩ ብሮሸሮች ሰጥታት፣ አጨብጭበንላት፣ ወደ ሥራችን ተመለስን።

እሷም ሆነች ቤተሰቧ እንዲህ ያለ ቦታ ረግጠው አያውቁም። ብሮሸሮቹ ቤት የገቡ ቀን የሆነውን በማግስቱ ነገረችኝ። አንደኛው ሪዞርት ሰማይ የሚነካ ማማ አለው፤ ከማማው ጫፍ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር አለ። ሁለተኛው ሐይቅ ዳር ነው፤ ጀልባ፣ የውሃ መንሸራተቻ፣ በዛፍ መሃል የምትዞር ትንሽ ባቡር። ባሏ ታክሲ ነጂ ነው፤ የዓለምን ነገር ሁሉ በመንገድና በመኪና ማቆሚያ ይመዝናል። የማማው መኪና ማቆሚያ ጥላ የለውም ብሎ ለሐይቁ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጅ ማማው ካልሆነ ብትቀር እንደሚሻላት ተናገረች። የስምንት ዓመቷ ትንሿ ጀልባ ስትል ቆይታ፣ እህቷ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ብትላት ጊዜ፣ እሷም ማማ አለች።

«አንቺስ፣ እማ?» አሏት በመጨረሻ።

«አስቤ እነግራችኋለሁ» ብላ ሳህን ልታጥብ ተነሳች።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት እኔ ክፍል መጣች። የታጠፉት ፎጣዎች ላይ ሁለቱን ብሮሸሮች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ማማውን አላየችውም፣ ሐይቁንም አላየችውም። ገጹን እያገላበጠች የመኝታ ክፍሎቹ ፎቶ ላይ ቆመች።

«ይቺን ተመልከቻት» አለችኝ። «አንድ አልጋ ላይ ስድስት ትራስ። ልብሱ ደግሞ እስከ መሬት ድረስ ነጭ ነው፤ አንድ ሕፃን ጫማውን ቢያስነካው በቃ፣ ሙሉው ይቀየራል። ግድግዳው መስታወት። ይሄ ሁሉ የጣት አሻራ በማን እጅ ሊጠረግ ነው?»

ፎቶው ላይ፣ አልጋው መሃል፣ ከፎጣ የተሠራች ዳክዬ ተቀምጣለች።

«ይቺ ዳክዬ ብቻዋን አራት ደቂቃ ትበላለች። በቀን ስንት ዳክዬ ትሠራ ይሆን?»

የሐይቁ ሪዞርት ወለል ንጣፍ ድንጋይ ስለሆነ ለመወልወል ይቀላል አለች። ደስ ብሏት ገጹን ገለጠች። ክፍሎቹ ግን አንድ ሕንፃ ውስጥ አይደሉም፤ እየራቁ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው፣ መሃላቸው የጠጠር መንገድ ነው።

«የአንሶላ ጋሪ በጠጠር ላይ!» አለችና ሳታስበው ወገቧን ያዘች።

ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እረፍት ቢወጣለት የሌላውን ሰው ጋሪ ይገፋል?

«እትዬ ካውያ» አልኳት፣ «አንቺ እኮ እንግዳ ሆነሽ ነው የምትሄጂው።»

«አጥቼው መሰለሽ? ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ።» ብሮሸሩን ዘጋችው። «ልንገርሽ፣ የምፈራውን። ጠዋት እኔ ተኝቼ አንዲት ሴት ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ ይሰማኛል። ታንኳኳለች። ተኝቼ የማያት ይመስልሻል? ተነስቼ ነው አብሬያት የማነጥፈው። የእኛን ስጨርስ የጎረቤቱን። አምስቱ ቀን እንዲሁ ያልቅና ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ። ልጆቹ ይደሰቱ፣ ይሄ ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ማረፍ የሚችል ሰው አልመስልሽም። ረስቼዋለሁ።»

ይህን ብላ የግድግዳውን ስልክ ታይ ጀመር። ባለቤቶቹ አንድ ስለሆኑ የውስጥ ስልካችን እዚያም ይገባል።

«አንድ ነገር ብጠይቃቸውስ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሐይቁ ዘንድ ደወለች። ድምፁ ዘይት የተቀባ የሚመስል ሰውዬ አነሳ። አልጋ አንጣፊዎቹ በቀን ስንት ክፍል እንደሚደርሳቸው ስትጠይቀው፣ ቅሬታ ካለዎት ለእንግዳ መቀበያ ያመልክቱ ብሎ ዘጋው።

የማማው ዘንድ ግን የአልጋ አንጣፊዎቹ ክፍል ደወለች፤ ያነሳችው ሴት ነበረች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረግነው። ሴትዮዋ ደረጃ ወጥታ የመጣች ይመስል ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«አልጋ አንጣፊ ነሽ?» አለቻት ካውያ።

«አዎ። ምን ልታዘዝ?»

«በቀን ስንት ትሠሪያለሽ?»

«አሥራ ስምንት» አለች። «ሥራ ፍለጋ ከሆነ እህቴ፣ ባትመጪ ይሻልሻል። እንደ እህት ነው የምነግርሽ።»

«ለሥራ አይደለም። እኔም አልጋ አንጣፊ ነኝ፣ ሆቴሉ ጋ። ዕጣ ወጥቶልኝ በእንግድነት ልመጣ ነው።»

«በእንግድነት? ከእኛ ሰው?» ሴትዮዋ ሳቀች፤ የደከመ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። «ጉድ በል! ስንት ዓመትሽ ነው እዛ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እኔ አሥራ አንድ። ወገብሽስ?»

«ተይኝ እስቲ። ያንቺስ?»

«የኔ ጉልበቴ ነው።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሚተዋወቁ ይመስል ወሬ ጀመሩ። ዳክዬዋ ሦስት ደቂቃ ነው የምትፈጀው፣ ለምዳዋለች። መስታወቱ ግን አያድርስ ነው። ካውያ እየሰማች በነፃ እጇ ፎጣ ታጥፋለች፤ ሥራ ፈትቶ ማውራት አታውቅበትም።

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?» አለቻት በመጨረሻ።

«አምስተኛ።»

«እንግዲያው አምስተኛ ፎቅ ስጡን ብዬ አስጽፋለሁ። የእኛን ክፍል እኔው አነጥፈዋለሁ፤ አንቺ በሩን አልፈሽ ሂጂ። አምስት ቀን አሥራ ሰባት ይሆንልሻል።»

«ስሚኝ እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «አልጋውን እንዳትነኪው። ከነካሽው እቀየምሻለሁ።»

«ኧረ እኔ ምን...»

«አስጨርሺኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማን እንደማነጥፍ አላውቅም። እኔ ስገባ ሰዉ ወጥቷል፣ እኔ ስወጣ ሰዉ ይገባል። አንድ ሰው፣ ይቺ እንዴት አድርጋ አንጥፋዋለች ብሎ አይቶልኝ አያውቅም። አንቺ ታይልኛለሽ። ማዕዘኑን እንዴት እንደማጥፈው ታይልኛለሽ። እስክመጣ ተኝተሽ ጠብቂኝ። ሁለቴ አንኳኳለሁ።»

ካውያ አላለቀሰችም። የያዘችውን ፎጣ ግማሽ እንደታጠፈ አስቀመጠችው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግማሽ የታጠፈ ነገር ስትተው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እሺ» አለቻት። «ተኝቼ እጠብቅሻለሁ።»

ፎርሙን ዕለቱን ሞላች፤ ባለማማው፣ አምስተኛ ፎቅ። ቤት ስትነግራቸው ልጆቹ ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ጨፈሩ፤ ባልየው ስለ ጥላው ሁለት ቀን አጉረመረመ።

ቅዳሜ የእረፍት ቀኗ ነበር። ሰኞ ስንገናኝ ትንሽ እንደማፈር ብላ ያደረገችውን ነገረችኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዷ በአሥራ አንድ ሰዓት ነቃች፣ አልተነሳችም። ባሏ ተደናግጦ ግንባሯን ዳሰሰ።

«ምነው፣ አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። እየተለማመድኩ ነው» አለችው።

ሰውዬው ምኑን ብሎ ሳይጠይቅ ወጣ። እሷ ጣሪያውን እያየች እስከ ሦስት ሰዓት ተጋደመች። ጎኗን ወጋት፣ እግሯን አሳከካት፣ ሳህኖቹ ትዝ አሏት፤ አልተነሳችም። በመጨረሻ አልጋውን እንደተተራመሰ ትታው ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

«ስመለስ» አለችኝ፣ «ትንሿ አንጥፋዋለች። ብታይው! ብርድ ልብሱ ወደ አንድ ጎን ተንጋድዷል፣ ትራሱ ተገልብጧል፣ አንሶላው ሽብሽብ ብቻ። እሷ ደግሞ ከጎኑ ቆማ ፊት ፊቴን ታየኛለች።»

«እና አስተካከልሽው?»

«እጄን ዘረጋሁ። አንዴ ባሳልፍበት ያልቅ ነበር።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ ትዝ አለኝና ሰበሰብኩት። ጎበዝ አልኳት ልጄን። ማታ እዚያው ሽብሽቡ ላይ ተኛሁበት።»

«እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«እስኪነጋ ድረስ» አለችና ጋሪዋን እየገፋች ወደ ሊፍቱ ሄደች።