ድምፁ የተዘጋው ካድሬ

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። አስሜ የሚነሳብኝ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ቀን አዳራሹ አቧራ ሆኖ ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ የሚነፋውን መድኃኒቴን አፌ ውስጥ ነፍቼ ሳብኩ። መፈክር በማብዛት ድምፁ የተዘጋው ካድሬ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትምገው?»

«የሳንባ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ነው፣ ጓድ።»

«ከከፈተማ ድምፄንም ይክፈት» ብሎ ቀማኝና ስድስት ጊዜ ሳበው። ሲበዛ ልብ እንደሚያስመታ፣ እጅም እንደሚያንቀጠቅጥ ልነግረው እጄን አወጣሁ።

«አስተያየት በመጨረሻ» አለኝ።

ወደ መድረኩ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ንግግሩን የሚያነብበት ወረቀት እጁ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ስንት ዘመን ሲያንቀጠቅጠን የኖረ ሰው ፊታችን ቆሞ ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ አደራህን፣ ለሚቀጥለውም ስብሰባ ይዘህልን ና።»