የደቅሲሳ ወገብ

ደቅሲሳን ወገቡን የያዘው እሁድ ጠዋት ነው። ፊቱን ሊታጠብ ወለሉ ላይ ወዳስቀመጠው ሳህን ጎንበስ እንዳለ፣ ከጀርባው በታች በስተግራ በኩል ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ቀና ልበል ቢል አቃተው፤ ልቀመጥ ቢልም አልሆነለትም። እንደምንም ተንበርክኮ በጎኑ ተጋደመ። ሳህኑ ተገልብጦ ሸሚዙን ውሃ አራሰው።

ቤቱ መቱ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ነው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ የጎረቤቱ ኮሽታ ሁሉ ይሰማል። ልጆቻቸውን አልብሰው ወደ ቸርች የሚሄዱ ሰዎች በደጁ ሲያልፉ ሰማ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ረስታ እየሮጠች ስትመለስም ሰማ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጣራ ይደርሱለት ነበር። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ከጠራ ብዙ ጊዜው ነው፤ ማንን ብሎ እንደሚጠራም አላወቀም። የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያይ ቆየ።

ያገኘው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከስልጤ አገር መጥቶ መቱ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ሲሆን፣ ደቅሲሳ በዚያ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋ ነው የሸበተው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሁድንም ስለሚሰፋ፣ ረፋዱ ላይ ቦታው ባዶ ሲሆን ሸምሱ ግራ ገባው፤ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«ጋሽ ደቅሲሳ፣ አሉ?»

«አለሁ። ግፋው፣ አልተቀረቀረም።»

ሸምሱ ገብቶ ከወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲያየው ደነገጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ከጠዋት።»

«ታዲያ ሰው አይጠሩም?»

ሸምሱ በብብቱ ደግፎ አልጋው ላይ አወጣው።

ከዚያ በኋላ መካሪው በዛ። ሸምሱ ብርድ ነው አለ። ጎረቤቱ ኩላሊት ነው፣ ውሃ አብዝተው ይጠጡ አለች። ወጌሻ ይየው ያለም ነበር። ደቅሲሳ ግን የማንንም ምክር ሳይሞክር ተኛ። ካገባ ጀምሮ የሚተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ መሃሉ ሰርጉዷል፤ በተኛ ቁጥር ወገቡ ወደ ጉድጓዱ ይሰምጣል። ቀናት ሲያልፉ ሕመሙ መሻሉ ቀርቶ ገላው ሁሉ ገረረ። በመጨረሻ ሸምሱ በባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል ወሰደው።

የሽንት ምርመራው ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራው፤ እዚያ ያየችው ዳናዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት።

«ዱግዳዎን ነው ያመመዎት?» አለች፣ ጀርባን በኦሮምኛ ጠርታ። ቋንቋውን ከአፏ ሲሰማ ትንሽ ዘና አለ። እግሩ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ትኩሳት እንዳለው፣ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶት እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉንም የለም አለ። አንዱ እንኳ ቢመጣ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስ አስጠነቀቀችውና ጀርባውን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ፈተሸች።

«ኩላሊት አይደለም። ጡንቻው ነው የተኮማተረው። ሥራዎ ምንድነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?»

«ዱካ ላይ።» መደገፊያ የሌላት ዝቅ ያለች በርጩማ ናት።

«ማሽኑንስ ማን ነው የሚያወጣ የሚያስገባው?»

«ራሴ ነኛ። ከነብረት እግሩ አንስቼ ዞር ማድረግ ነው።»

«ጎንበስ ብለው፣ ወገብዎን ጠምዘዝ አድርገው?»

«ሌላ እንዴት ይነሳል?»

ዳናዊት ፈገግ አለች። «ከተቀመጡስ መቼ መቼ ይነሳሉ?»

«ሲመሽ።»

«ምሳስ?»

«እዚያው። ዳቦ ይበቃኛል።»

«ድሮም እንዲህ ነበር የሚውሉት?»

ደቅሲሳ የድሮው ትዝ አለው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሚስቱ ተጂቱ በሕይወት ሳለች ቀን ቀን ሚስኮል ታደርግለት ነበር። ስልኩ ጮህ ብሎ ሲያቆም መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክሎ ይነሳል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ቤቱ ይገባል። ከዘገየ እሷ ራሷ መንገዱ አፍ ድረስ ወጥታ በኦሮምኛ እየቀላቀለች «ኮቱ፣ ና እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ትለዋለች። ማታ ደግሞ መጥታ ማሽኑን በአንድ ወገን ታነሳለች። ደቅሲሳ ያን ሁሉ ዘመን ሚስቱ ሥራ የምታስፈታው ይመስለው ነበር፤ እንዲያውም አልፎ አልፎ ይነጫነጭባት ነበር። እሷ ካለፈች ወዲህ ባዶ ቤት ላለመግባት ሲል ከማሽኑ አልነሳ አለ።

ይህን ሁሉ አልነገራትም። «ሚስቴ ለምሳ ትጠራኝ ነበር» ብቻ ነው ያለው።

ዳናዊት እጇን ከጀርባው ላይ አላነሳችም። «እንግዲህ አሁን ሳይጠሩ መነሳት ሊለምዱ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «አልጋ ላይ መዋል ይብሱን ያደርቅዎታል። ፎጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ያድርጉበት፤ ግን ይንቀሳቀሱ። አንድ ሱሪ ሰፍተው ሲጨርሱ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ወንበርዎ መደገፊያ ይኑረው፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ። ማሽኑን ብቻዎን እንዳያነሱ። ሰው ይጥሩ።»

«ሰው ማስቸገር አልወድም።»

«መቼ አስቸገሩና ነው?»

ከዚያም በጀርባው አስተኝታ ጉልበቱን ወደ ሆዱ እንዴት እንደሚስብ፣ ሆዱንና ጀርባውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚሠራ አሳየችው። ያንን ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ይሠራ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አፈረ። የሚያየው እንደሌለ ሲያስብ ሐፍረቱ ተወው፤ ነገር ግን የሚያየው አለመኖሩ ራሱ ከፋው።

ከፍራሹ ሥር ጣውላ አነጠፈ። አናጺው ኩመራ ዘንድ ሄዶም መደገፊያ ያለው ወንበር አዘዘ።

«ስንት ላድርገው?» አለው ኩመራ። «ለቤት ከሆነ አራት፣ ቢያንስ ሁለት ነው የሚያሠሩት።»

«አንድ።»

ኩመራ እንጨቱን መለካቱን ትቶ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያም መለካቱን ቀጠለ።

ሸምሱን ማስቸገር ከሁሉም ከባዱ ሆነበት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ በረንዳው ላይ ቆሞ ብዙ አመነታ። «ሸምሱ፣ እስቲ በዚህ በኩል ያዝልኝ» ሲለው፣ ሸምሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ፤ ጉልበታቸውን አጥፈው በሁለት ወገን አነሱት። ሸምሱ ምንም ያደረገ አልመሰለውም። ደቅሲሳ ግን ቤቱ እስኪገባ ድረስ ያችኑ ነገር ሲያስብ ሄደ።

በደሌ ከተማ ያገባችው ልጁ ኢብሴ ደውላ «አባዬ፣ ለምን እኛ ጋ አትመጣም?» አለችው። አስብበታለሁ አላት። ወለል ላይ የተጋደመበትን ጠዋት አልነገራትም።

ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀውም። ብርድ ሲሆን፣ ሥራ በዝቶ ከመነሳት የዘነጋ ቀን፣ እዚያችው ቦታ ላይ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ያኔ መቀሱን አስቀምጦ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ይራመዳል። የሚሄድበት ቤት የለውም፤ መንገዱን ነው የሚሄደው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን እንዲሁ ሲሄድ ዝናብ ያዘውና ከአንድ የቡና መጋዘን ጥግ ተጠለለ። አንድ ጎልማሳ የጆንያ ተሸካሚ ግድግዳውን ተደግፎ ወገቡን በቡጢ ይደልቃል።

«ያምሃል?» አለው ደቅሲሳ።

«ከያዮ የመጣ ቡና ስናወርድ ውለን ነው። እርስዎስ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«የትም። ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ «ጆንያውን ወደ ደረትህ አስጠግተህ፣ ከጉልበትህ ተነሳ። ለመዞር ስትፈልግ በእግርህ ዙር፣ ወገብህን አትጠምዝዘው። ከባድ ሲሆን ደግሞ ጓደኛህን ጥራ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ በባዶ እጁ ሞከረው። ደቅሲሳ ጉልበቱን በደንብ እንዲያጥፍ በእጁ አሳየው። ሁለቱም ሳቁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ ቡና አወሩ። ዝናቡ ሲያባራ ሰውየው ወደ ጭነቱ ተመለሰ፤ ደቅሲሳም ስሙን ሳይጠይቀው ጭቃውን እየመረጠ ሄደ።