የፒካፑ ዳሽቦርድ የጠፋ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ከቤታችን ንብረት ሁሉ የምወደው የአባቴን አሮጌ ፒካፕ ዳሽቦርድ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ቀያዮቹ መርፌዎች ተንቀጥቀጥ ብለው ይነሳሉ፤ አንዱ ነዳጁን፣ አንዱ የሞተሩን ሙቀት ያሳያል። ጋቢናው ሁልጊዜ የሽንኩርትና በፀሐይ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ እግሮቼ መሬት የማይደርሱ ይመስለኛል።

አባዬ ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣ ናዝሬት ላሉ ሱቆች ያከፋፍል ነበር። መኪናውን የሚነዳው እኛው ቤት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ደረጀ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ይዞኝ ይሄዳል። መንገድ ላይ “ሙቀታችን እንዴት ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ መርፌውን አይቼ “ግማሽ ጋ ነው” እላለሁ። ያለ እኔ መኪናው የሚሄድ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ መቂ ላይ ደረጀ ሽንኩርት ሊያስጭን ወረደ። እንዳይሰለቸኝ ብሎ ቁልፉን ሳይነቅል ሬዲዮኑን ከፍቶልኝ ሄደ። እኔ ግን ሰለቸኝ። ሬዲዮኑ ሥር የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ነበር፤ መለኮሻው ከጠፋ ቆይቷል። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ጫፏ ላይ ቀይ ዶቃ ያለባትን የብረት የፀጉር ማስያዣዬን ነቅዬ ከተትኳት። ጧ አለ። ሬዲዮኑ ዝም አለ፣ መርፌዎቹ ወደቁ። ከድንጋጤዬ ብዛት ማስያዣዋን ለቀቅኳት፤ ወደ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ደረጀ ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዎቹ አልተነሱም። ዳሽቦርዱን በእጁ መታ መታ አደረገው። ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። እስከ ናዝሬት ድረስ ስለ ሙቀት አልጠየቀኝም።

ቤት ደርሶ ፊውዝ ቀየረ፤ ወዲያው ተቃጠለ። ሌላ ቀየረ፤ እሱም ተቃጠለ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እያየሁ፣ ‘አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ’ እያልኩ መሸ። በማግስቱ ደግሞ መናገሩ ባሰ፤ ትላንት ለምን አልተናገርሽም እንዳልባል ፈራሁ። እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓለም ጤና አጠገብ ራዲያተሩ ውኃ አፍስሶ ኖሮ፣ የሚያስጠነቅቅ መርፌ ስላልነበረ ሞተሩ ፈላ። ቲማቲሙ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። አባዬ እንደዚያን ቀን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

“ሬዲዮን ልግጠም ብለህ ሽቦውን የነካካኸው አንተ ነህ” አለው ደረጀን።

“ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።”

“ታዲያ ማን ነካው?”

ደረጀ አንዴ ወደ እኔ አየና መሬት መሬቱን ተመለከተ። በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ደራ ወዳለችው አክስታችን ቤት ሄደ። ያን ጊዜ ያወቀብኝ መሰለኝ፤ ዝም ማለቱ ከአባዬ ቁጣ የበለጠ አስጨነቀኝ።

ሞተሩ ከተሠራ በኋላ አባዬ ከትምህርት ቤት ወስዶኝ በዚያው ወደ ጋሽ ጀማል ዘንድ ሄድን። ጋሽ ጀማል በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላም ተባብለው ሲያበቁ ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሱ ጥያቄ ጀመሩ። መቼ ጠፋ? መኪናው ቆሞ ነው እየሄደ? ማን ነበር ውስጡ?

“እኔ አልነበርኩም፣ ወንድሜ ነው የሚያውቀው” አለ አባዬ።

ጋሽ ጀማል የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅለው በቦታው ትንሽ አምፖል አገናኙ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። “አየሽ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንዱ ሽቦ የማይሆን ቦታ ነክቷል። አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አምፖሉ የደከመ ጊዜ ጥፋቱ የነቀልኩት መስመር ላይ ነው።”

የሬዲዮኑን ነቀሉ። አምፖሉ እንደበራ ነው። አባዬ አፈረ መሰለኝ፣ አንገቱን አከከ። የሰዓቱን ነቀሉ። አሁንም ይበራል። እጃቸው ወደ ቀዳዳው ተጠጋ።

“ሲጋራ መለኮሻው ነው” አልኩ። “የፀጉር ማስያዣዬ ውስጥ አለ። እኔ ነኝ የከተትኩት።”

ጋሽ ጀማል አላቋረጡም። የመለኮሻውን ሽቦ ነቀሉ፤ አምፖሉ ደከመ። ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ ጠቁራ የተጣመመችውን ማስያዣ አወጡና ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ ሰጡት። አባዬ ብዙ ጊዜ አገላብጦ አያት። እመታለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

“ደረጀ ያውቅ ነበር?”

“አልነገርኩትም። ግን የሚያውቅ ይመስለኛል።”

አዲስ ፊውዝ ገብቶ መርፌዎቹ ሲነሱ ማንም ደስ አላለውም። አባዬ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አልፎ በአሰላ መንገድ ወደ ደራ ነዳ። 

ደረጀ አክስታችን በር ላይ እንጨት ሲፈልጥ ነበር። አባዬ ፊቱ ቆሞ ጥቂት ከተቸገረ በኋላ፣ “በደልኩህ፤ ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ” አለው። ታላቅ ታናሹን እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረጀም ሰምቶ የማያውቅ ይመስል መጥረቢያውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

“ልጅ ናት እኮ ጋሼ” ብቻ አለ።

አባዬ ቁልፉን ደረጀ እጅ ላይ አስቀመጠና በሌላኛው በር ዞሮ ገባ። እኔ መካከላቸው ተቀመጥኩ። እየሄድን ይቅርታ ለማለት ስሞክር ለቅሶ ቀደመኝ። ደረጀ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ በፀጉሬ ላይ አሳለፈው።

አሁን አባዬ የለም። የእኔ መኪና መርፌ የለውም፣ ሁሉም ነገር ስክሪን ላይ ነው። ሲበላሽ ጋራዥ ያሉት ልጆች ኮምፒውተር ይሰኩበትና ችግሩን ያነቡልኛል፤ ከሰው ጋር መነጋገርም ብዙ አያስፈልጋቸውም። በቅርቡ ከቢሾፍቱ ስንመለስ ያ ስክሪን ድርግም አለ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና፣ “እማዬ፣ እኔ ነኝ። ነዳጅ ስትቀጂ ወደ ፊት መጥቼ ጁስ ደፋሁበት” አለችኝ።

ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ፈለግሁ፤ አልነበረም። እኔ ከሦስት ሳምንት በላይ የፈጀብኝን እሷ ሳትጠየቅ ተናግራ ጨረሰችው። ዘመኑ ይሁን ቤታችን፣ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁባት። እሷ ግን ነገሩን ረስታው ሙቀቱን ማማረር ጀምራ ነበር። መስኮቱን ከፈትኩላት።