በልጅ ፊት መውደቅ

ሥራዋን በትክክል የሚጠራላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። በር ከፍተው ሲያዩዋት ነርስ የምትመስላቸው «ሲስተር፣ መርፌ ነው እንዴ?» ይሏታል። የቤት ኪራይ ያለፈባቸው ደግሞ አከራዩ የላካት እየመሰላቸው ድምፃቸውን ያጠፋሉ። መሥሪያ ቤቷ በሰጣት መታወቂያ ላይ «የአዋቂዎች ማኅበራዊ ሠራተኛ» ይላል። ሰፈሩ ግን «ይወስኑ» የሚል ቅጽል አውጥቶላታል፤ ገብታ እስክትወጣ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነውና።

ደረጃ ዳገት ለሆነበት ሽማግሌ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ታስተክላለች። አልጋ ላይ ለዋለች ሴት የምታጥባትና የምታገላብጣት ረዳት ትፈልጋለች። ልጅ እናቱን መታ ተብሎ በተወራበት ቤት ብቻዋን ትገባና፣ ልጁን ዳቦ ግዛ ብላ ልካ፣ እስኪመለስ ድረስ እናትየውን ታነጋግራለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ አምፖል አለ። ያረጀ ሰው ቤት መጀመሪያ የሚሞተው አምፖሉ ነው፤ ወንበር ላይ ወጥቶ የሚቀይረው ይጠፋና ሰውየው ጨለማውን ይለምደዋል።

ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል ሲባል ደሟ ይፈላል። አንድ አዋቂ ሰው የሚናገረውንና የሚመጣበትን እስካወቀ ድረስ፣ የማይረባ ውሳኔም ቢሆን የራሱ ነው ባይ ናት። ድመቶቼን ከምጥል ሞቴን እመርጣለሁ ያለች መበለት ነበረች፤ ወንድሞቿ እብድ ናት ብለው ሊያስወስዷት ሲመጡ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ልክ ልካቸውን የነገረቻቸው እሷ ናት።

«አንቺ እኮ፣» ይላታል አለቃዋ፣ «ሰው ገደል ሊገባ ሲል የቱ ገደል ይሻልዎታል ብለሽ የምትጠይቂ ነሽ።»

«ቢያንስ እጠይቃለሁ፤» ትለዋለች።

ከምትከታተላቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጣ አናጺ ነበር። በጉልበቱ ዘመን አንዲት የተንጋደደች በር አይታገሥም ነበርና ሠራተኞቹ «ውሃልክ» ብለው ሰየሙት፤ እንደዚያው ቀረ። የዓይኑ ግፊት ብርሃኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት ሚስቱ ሞታ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ልትጠይቀው ስትገባ በልማድ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና አምፖሉ መቃጠሉን ነገረችው።

«እና ለእኔ አምፖል ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ተይ፣ ግቢ። አንቺ እንዳትደናቀፊ ስቀዪው።»

ሁለቱን ክፍሎች የሠራቸው ራሱ ነው። ከታወረ በኋላም አውራ ጣቱን እየቀጠቀጠ ከአልጋው እስከ ጓዳው በር ድረስ በወገቡ ልክ ጣውላ መትቶ፣ መንገዱን በመዳፉ ያነበው ነበር። ጣውላው ሲያልቅ የጠረጴዛው ጠርዝ ይቀበለዋል፤ ከጠረጴዛው ምድጃው፣ ከምድጃው የውሃው በርሜል። በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣው ረዳት እንኳ ጠርጋ ስትጨርስ እያንዳንዷን ወንበር በነበረችበት ትመልሳለች። እዚያ ቤት ውስጥ ዕቃ ማንቀሳቀስ ዓይን ማውጣት ነበር።

ሴት ልጁ ከከተማው ሌላ ጫፍ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር አባትሽ ተቃጠለ ወይም ወደቀ የሚሏት እየመሰላት ልቧ ይርዳል። በመጨረሻም ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነ ታይቶ፣ ካልቻለ የአረጋውያን ማረፊያ እንዲገባ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተች። የሚያየው ሰው ማን ይሁን ሲባል ያው ይወስኑ ሆነች።

ማየቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰውየው እንደ ወትሮው ሻዩን ያፈላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ይጸዳዳል፤ የምታየዋ ሠራተኛ ግን እጇን ታፋዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። አትረዳም፣ አታሳይም። የረዳችው ነገር አይቆጠርለትምና።

በቀጠሮው ቀን ይወስኑ ስትገባ ቤቱ የሳሙና ሽታ ሸተታት። ልጅቱ ከማለዳው ጀምራ መጋረጃ አጥባ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ከደሞዟ አዲስ ምንጣፍ ገዝታ አንጥፋለች። አባትየው ዕቃ ሲጎተት ሰምቶ «እንዳታነሺ!» ቢላትም «ልጠርግበት ነው፣ እመልሰዋለሁ» ብላው ነበር። ሌላውን ዕቃ መለሰች፤ ጠረጴዛው ግን የሚያምረው መስኮቱ ሥር ሆኖ ስላገኘችው እዚያ አስቀመጠችው።

«መጣሽ?» አለ አናጺው ከአልጋው እየተነሣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። «ቁጭ በይ። ዛሬ ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ።»

ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጁ አንሥቶ፣ ጣውላውን በሌላው መዳፉ ዳበስ እያደረገ ሄደ። ሊታይ ነውና ከወትሮው ፈጥኗል። ይወስኑ ጠረጴዛውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። አታሳይም የሚለው ሥርዓት አንደበቷን ለቅጽበት ያዘው፤ «አባባ፣ ይቆዩ!» ስትል እጁ ባዶ አየር ጨብጦ፣ እግሩ ምንጣፉን ጠልፎ፣ ከነማንቆርቆሪያው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። አጥንቱም አልተሰበረም። ልጅቱ ግን «ወይኔ አባዬ!» ብላ ዘልላ ተንበረከከችና፣ ሕፃን እንደሚደረገው በነጠላዋ ጫፍ ሱሪውን ከታፋው ጀምራ ታደርቅለት ያዘች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁለቱ ሴቶች ደጅ ወጡ።

«አየሽ? በዓይንሽ አየሽ አይደል?»

«ያየሁት ጠረጴዛውን ነው። ለምን አነሣሽው?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም?»

«እኔ እንግዳ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኑ ነሽ? ዘመዱ ነሽ?»

ይወስኑ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች። የሆነው ሆኖ አለቃዋን ወጥራ ይዛ ሁለተኛ ቀጠሮ አስፈቀደች፤ ልጅቱም እያለቀሰች ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ምንጣፉን ጠቅልላ አወጣችው። ጥፋቷን ስታውቅ ሰውነቷ በአንድ ሳምንት ኮሰሰ።

በሁለተኛው ቀን አናጺው ተነሣ። ጣውላ፣ ጠርዝ፣ ምድጃ። ክብሪቱን ጫረ፣ ሻዩን አፈላ፣ የጣቱን ጫፍ ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጎ ሙቀቱ ሲደርስበት እያቆመ ለሦስት ሰው ቀዳ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። «አባዬ፣ ይኸው ትችላለህ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር፣ እዚሁ ሁን። ሁለተኛ ስለማረፊያ አላነሣም።»

«እሄዳለሁ፤» አለ።

ይወስኑ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ያለፈው እኮ የእርስዎ ጥፋት አልነበረም።»

«አውቃለሁ። የእኔ ጥፋት ቢሆንማ አርመው ነበር።»

«ታዲያ ምን አገኘዎት?»

«ስሚ፣ መውደቅ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ከጣሪያ ላይ ወድቄ አውቃለሁ፤ ሚስማሬን ለቃቅሜ ነው ተመልሼ የወጣሁት።» ወደ ልጁ ድምፅ ፊቱን መለሰ። «አንቺ ሱሪዬን ስታደርቂ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእንግዲህ እዚህ በመጣሽ ቁጥር እግር እግሬን ነው የምታዪው። እኔም እያየሽኝ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የምራመደው፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ሰው መራመድ አይችልም። እዚያ የሚያየኝ ባዳ ነው። ባዳ ፊት መውደቅ ምንም አይደል።»

«አላይህም አባዬ! ዓይኔን እጨፍናለሁ!» አለች ልጅቱ፤ ምን እንደምትል ጠፍቷት።

«ይበቃል አንድ ዕውር ለአንድ ቤት።»

ከዚህ በኋላ የይወስኑ ድርሻ ጥያቄውን መጠየቅ ነበር። የሚሄድበትን ቦታ ያውቀዋል ወይ? ቤቱ ቢከራይ በፈለገ ጊዜ ሊመለስ እንደማይችል ገብቶታል ወይ? ያስገደደው ሰው አለ ወይ? ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች ጠየቀችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መልስ እንዲሳሳትላት ተመኘች። እሱ ግን ሁሉንም እንደ ተሳለ መጋዝ ቀጥ አድርጎ መለሰ።

«አንድ ወር ብንቆይስ? አሁን ሆድዎ ብሶት ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ይወስኑ ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ስወስን ታባብዪኛለሽ?» አለና ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ደስ አይልም። «ወይስ ውሳኔው የእኔ የሚሆነው አንቺን ደስ ሲልሽ ነው?»

ቅስሙ ስለተሰበረ ዛሬ መወሰን አይችልም ብላ ብትጽፍ ማንም አይከራከራትም ነበር። አለቃዋም፣ ልጅቱም ያመሰግኗት ነበር። የድመቶቹ ባለቤት ወንድሞችም ያኔ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ እብድ ናት ብላችሁ ጻፉልን ነው ያሉት። እስክሪብቶዋን አውጥታ «በራሱ ፈቃድ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

አለቃዋ ወረቀቱን አንብቦ ተደሰተ። «ልጅ የጠየቀችው ሆነላት፣ አባትየውም ፈቀደ፣ አንድ ሰው አልጮኸብንም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉዳይ ገጥሞኝ አያውቅም።» ልጅቱ ለይወስኑ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከማልቀስ በቀር የተናገረችው ነገር አልነበረም።

ማረፊያ የገባን ሰው በወሩ ሄዶ ማየት ግዴታዋ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሄደች። በረኛው ሊጠይቅላት ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ከግቢው የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅና የሚንኳኳ ብረት ድስት ይሰማል።

«ሲስተር፣» አለ ሲመለስ፣ እያፈረ፣ «አባባ ደህና ናቸው። ግን ማንም ሰው ገብቶ እንዲያያቸው አይፈልጉም። ልጃቸውም ሁለት እሑድ መጥታ ተመልሳለች።» ግራ ቀኙን አየና፣ «ላስገባሽ እችላለሁ፤ መታወቂያ አለሽ። እንዳላወቀ ሰው ሆነሽ ከበሩ ሥር አይተሻቸው ትመለሻለሽ፤ እሳቸው እንደሁ አያዩሽም» አላት።

ይወስኑ መታወቂያዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ አሰበች። አይቶ መመለስ ነበር ሥራው፤ ቅጹም የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው።

«አይሆንም፤» አለችው። «አልፈልግም ካሉ አሉ ነው።»

በረኛው ትከሻውን ሰብቆ የብረቱን በር ዘጋው። እሷም በቅጹ ላይ «አልታየም» ብላ ለመጻፍ የምታስደግፍበት ነገር ፈልጋ ስታጣ፣ ወረቀቱን እዚያው በሩ ላይ አስደግፋ ጻፈችው።