የታጠነው እንስራ

ከሚሴ ውስጥ ስለ ውሃ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን ከጎረቤት ልጆች ደብተር ለቀምኩ፤ የወፍጮ ሞተርን ፈትቼ በመግጠም አወቅኩ፤ ክሎሪን የተባለውን የውሃ መድኃኒት ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ደጋግሜ በማንበብ ተማርኩ። የሰፈሩ ሰው የቦኖውን ታንከር ቁልፍ ለእኔ የሰጠውም ይህን አይቶ ነው።

በዚያ ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ታንከሩን የሚሞላው ጉድጓዳችን ውስጥ ገባ። ሰፈሩን ተቅማጥ ያዘው። ድፍርሱ እስኪዘቅጥ ጠብቄ ክሎሪኑን በባልዲ በጠበጥኩ፣ ታንከሩ ላይ ወጥቼ ጨመርኩት፣ ሥራውን እስኪጨርስ ቧንቧውን ዘግቼ ቆየሁ። ክሎሪን እንደ እሳት ነው፤ ጀርም ይሁን ሌላ ቆሻሻ፣ ያገኘውን ያቃጥላል፤ ሲያቃጥልም ራሱ ያልቃል። ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድቼ የመመርመሪያውን ክኒን ስጥልበት ውሃው ሮዝ ሆነ። መድኃኒቱ ተርፏል ማለት ነው። ደረቴን ነፍቼ ከፈትኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ስወጣ የሰፈሩ ሴቶች ቆመዋል። ከፊት ያለችው ባሏ በተቅማጥ የተኛባት ጎረቤቴ ናት፤ እንስራዋን እንዳዘለች።

«አያ፣ ቢሻን ኩን ማሊ?» አለችኝ በኦሮምኛ። ንዴቷ ሲብስ ወደ አማርኛ ዞረች። «ይሄ ምን ውሃ ነው? ባሌ አንዴ ተጎንጭቶ ተፋው። በጥም ሊሞትብኝ ነው!»

«መድኃኒት ስላለበት ነው።»

«መድኃኒት በማንኪያ ነው እንጂ በታንከር ይሰጣል?» አለች ሌላዋ።

«ወፍጮ ስለጠገነ ሐኪም አደረግነው!» አለች ሦስተኛዋ።

ተሳሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር።

«ወላሂ ቦርከና ይሻለናል፣» አለች ጎረቤቴ። ጀሪካኖቹ ከመሬት መነሳት ጀመሩ።

በሽታውን ያመጣው እኮ ቦርከና ነው። የታመመው ባሏ ከዚያ ውሃ ቢደግም አይተርፍም። ሮጬ ከደጄ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩና በእጄ ጠጣሁ። ጣዕሙ ምንም አይልም።

«ከዚያ አይደለም፣ ከዚህ ጠጣ!» ብላ ከእንስራዋ በኩባያ ቀዳችልኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ተጎነጨሁ። የሆስፒታል ወለል የታጠበበት እጣቢ ይመስላል። ሁሉም አፌን ያያሉ። ብተፋው አለቀ፤ ሁሉም ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ዋጥኩት። ስውጠው ነው አፍንጫዬ የወይራ ጭስ የያዘው።

«እንስራውን መቼ ነው ያጠንሽው?»

«ትናንት ነዋ! ለታመመ ሰው ባልታጠነ እንስራ ልቅዳለት? እንዲጣፍጠው ብዬ ደግሜ ነው ያጠንኩት።» ሌሎቹም ከጀሪካናቸው የሚገለብጡት በታጠነ እንስራ ውስጥ ነው።

ብርጭቆዎቹንና ክኒኑን አመጣሁ። ከቧንቧው በቀዳሁት ላይ ጣልኩ፤ ሮዝ ሆነ። ከእንስራው በቀዳሁት ላይ ጣልኩ፤ ጠበቅን፤ ቀለም አላወጣም።

«ጭሱ መድኃኒቱን በላው፤» አልኩ። «አብረው ሲቃጠሉም ይሄን ጣዕም ወለዱ።» ይህን የነገረኝ መጽሐፍ የለም፤ በገዛ አፍንጫዬ ያገኘሁት ነው።

«የእናቶቻችንን ወይራ ልትነቅፍ ነው?» አለች ጎረቤቴ።

«ወይራውን ምን አልኩት? በሽታው እስኪወጣ ባልታጠነ ጀሪካን ቅጂ፣ እንስራ ውስጥም አትገልብጪ ነው የምልሽ።»

ወደ እንስራዋ አየች። ሌሎቹም ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ እሷን ይጠብቃሉ። ኩባያዋን አለቅልቃ ከቧንቧው ቀዳችና ቀስ ብላ ጠጣች።

«ጣዕም የለውም፣» አለች።

«ጣዕሙን ባልሽ ሲነሳ ታጥኚለታለሽ።»

እንስራዋን ደጄ ላይ ደፋችው፤ ሆን ብላ እግሬን አራሰችው። ከአንዷ ጀሪካን ተውሳ ሞላችና ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹ ሳይወዱ በግድ ተሰለፉ።

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ ወደ ጎረቤቴ ቤት ጆሮዬን ጣልኩ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ የባሏ ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ ግን የሚቆጣ ድምፅ።

«ምነው ትንሽ ቀዳሽልኝ? ጨምሪ እንጂ!»