የቤት ልጅ እጅ ታስታጥባለች

ባለፈው ቅዳሜ ከእድራችን ሴቶች ጋር ማሽላና ሳሙና ይዘን ቆቦ ዳር ያለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄደን ነበር። ልጆቹ ተሰልፈው የእንግዳ መቀበያ መዝሙር ዘመሩልን። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከሰልፉ አንዲት ትንሽ ልጅ ወጥታ ቀሚሴን ጨበጠች።

እኔም እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ያደግኩት እንዲህ ባለ ግቢ ነው። ክፉ ቦታ አልነበረም፤ እንበላለን፣ አልጋ ነበረን፣ የሚመታን የለም። ሞግዚቶቹ ግን በየጊዜው ይለዋወጡ ስለነበር የማን እንደሆንን አናውቅም። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገውን ግን እናውቅበታለን፤ መዘመር፣ መሳቅ፣ ቀሚስ መያዝ። ማን ያውቃል፣ እንግዳዋ ትወስደን ይሆናል።

በኋላ ዘምዘም የምትባል ሴት ሮቢት አጠገብ ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ሰው ውጦ ያስቀራል፣ ሙቀቱም ገና አልበረደም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠን ጥንቅሽ እየላጠች ስትሰጠኝ እህቷ ከዋጃ መጣች። ዘልዬ ተነሳሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመርኩላት፤ ከዚያ ቀሚሷን ይዤ፣ “እኔን ይውሰዱኝ፤ አላስቸግርም” አልኳት።

ሴትዮዋ ወደ እህቷ ዞረች። “አንቺ ዘምዘም፣ ምን አድርገሻት ነው?”

የዘምዘም ፊት ጠቆረ። በእኛ አገር አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻላል። ቢላዋውን አስቀመጠች። ምን እንዳጠፋሁ ባይገባኝም ሀፍረቷ ተጋባብኝ። ገብቼ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

“ወዴት ነው?” አለችኝ ዘምዘም።

“ወደ ማሳደጊያው እስኪመልሱኝ እየጠበቅኩ ነው።”

አጠገቤ ቁጢጥ አለች። “አብሽሪ። እዚህ ቤት ለእንግዳ አይዘፈንም። የቤት ልጅ እጅ ታስታጥባለች፣ በቃ።” ፌስታሉን ተቀብላ ጆጉን አስያዘችኝ። አክስቴን ሳስታጥብ የውኃውን ግማሽ ጉልበቷ ላይ አፈሰስኩት። “እደጊ” አለችኝ እየሳቀች።

ቅዳሜ ዕለት ያቺ ትንሽ ልጅ ቀሚሴን እንደያዘች፣ “ይወስዱኛል?” አለችኝ። ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሴት የማውቀው እኔ ነበርኩ። “እደጊ” ብዬ ራሷን ዳበስኩና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴን ያቃጥለኛል። ልጆቼ አድገው ወጥተዋል። የዘምዘም ጆግ አሁንም ከቤቴ በር ጀርባ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ እኔው ራሴ አስታጥባለሁ።