የልብስ ተኳሿ አፍንጫ

እሳት ከመነሳቱ በፊት የምታሸት ሴት አለች ይባላል። ላውንድሪው ውስጥ ካውያዋን ይዛ ቆማ ሳለች ድንገት ክው ትላለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ይተከላል። በሳምንቱ አንድ ቤት ይጋያል። ወሬው እንዲህ ነው። አንዲት ጎረቤትማ ቤት ልትከራይ ስትል፣ «እባክሽ አንዴ ገብተሽ አሽትቺልኝ» ብላ እጇን ይዛ ወስዳታለች። አሸተተችና፣ «ሽንት ቤቱን አሠሪው» ብላት ወጣች።

እውነቱ ሌላ ነው። እሷ ቀድማ አሽትታው የጋየ ቤት የለም። ላውንድሪው ውስጥ ትልቅ ትንሹ «እታለም» ይላታል፤ ልብስ ተኩሳ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። እሷ የተኮሰችው ሱሪ መስመሩ ሽንኩርት ይከትፋል። ሽታው የጀመራት የመጨረሻ ልጇን ከዳረች በኋላ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታታል። ቀጥሎ ከሆዷ ፍርሃት ይነሳና ወደ ጉሮሮዋ ይወጣል፤ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን እየዋጠ የሚጠብቃት ይመስላታል። ከዚያ ወዲያ እሷ የለችም። ከንፈሯን ትመጠምጣለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ ትነካካለች፣ ቢጠሯት አትሰማም። ስትመለስ፣ «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታፈጡብኝ?» ትላለች።

አንድ ቀን ስትመለስ ካውያው የአንድ ሙሽራ ሱሪ ላይ ተኝቶ አገኘችው። ያኔ ልጇ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ የጭንቅላቷን ፎቶ መብራት ላይ ለጥፎ ብዙ ካየ በኋላ፣

«እናቴ፣ ይሄ የሚጥል በሽታ ነው» አላት።

«እኔን? ወድቄ የማላውቀውን?»

«ሁሉም አይጥልም። ከጆሮዎ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ ለውዝ የምታክል ክፍል አለች፤ ፍርሃትን ከሚቀሰቅሱት አንዷ ናት። የግራዋ ከቀኟ ተልቃለች። ሽታውም ፍርሃቱም የሚነሳው ከዚያው አካባቢ ነው።»

«ይሄን ሁሉ የፈራሁት ለውዝ ለምታክል ነገር ነው?» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ልጇ አልሳቀችም።

እንክብል ታዘዘላት፤ ብቻዋን ካውያ እንዳትይዝም ተነገራት። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ካውያውን ካጣች ሁሉን አጣች። ስለዚህ ጋሼ፣ ባለ ላውንድሪው፣ ደንብ አወጣ። ሽታው ሲመጣ ሶኬቱን ነቅላ «ይሸታል?» ብላ ትጠይቃለች። «የለም» ካሏት ከራሷ ነው፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እስኪያልፍላት ትጠብቃለች። «አዎ» ካሏት እውነተኛ እሳት ነው፤ ሁሉም ይሮጣል። የራሷ አፍንጫ ስላላገለገላት በሰው አፍንጫ መኖር ጀመረች ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄውን ሲሰሙ ሁሉም ሥራውን አቁሞ አየሩን ይምገው ነበር። ክንዷ ከሳሙና ተለይቶ ስለማያውቅ «አረፋ» የሚሏት አጣቢ፣ ከማሽኖቹ ኋላ ሳይቀር እየገባች ታሸት ነበር። እየቆየ ግን ነገሩ ተሰለቸ። ጠይቃ ሳትጨርስ፣ አንገታቸውን እንኳ ቀና ሳያደርጉ፣ «የለም እታለም፣ ቁጭ በይ» ይሏታል። አፍንጫቸውንማ በረኪናው ከገደለው ቆየ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ሶኬቱን ነቀለች።

«ይሸታል?»

«የለም» አለች አረፋ፣ ባልዲው ላይ እንዳቀረቀረች።

«ደህና አድርገሽ አሽትተሻል?»

«ኧረ የለም አልኩሽ! የዚያ ሙሽራ ሱሪ ይሆናላ እስካሁን የሚሸትሽ!»

ጋሼ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀችና ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ፍርሃቱን ጠበቀች። አልመጣም። ሽታው እየባሰ ነው፤ ሆዷ ግን ጸጥ ብሏል። ፊቷ በራ።

«መድኃኒቱ ያዘልኝ መሰለኝ!» አለች። «ሽታው ብቻውን ነው የመጣው። ለልጄ ደውሉልኝ!»

ከተቆለሉት አንሶላዎች ኋላ የማድረቂያ ማሽኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀልጦ ነበር። እሳቱ ድምፅ ሳያሰማ ክምሩን ከሥር እየበላ ነው። ያዩት ጭሱ ጣሪያው ላይ ሲንከባለል ነው። ጋሼ መብራቱን ከቆጣሪው ሲያጠፋ፣ አረፋ የሚነደውን አንሶላ በእጇ ጎትታ ወደ ውጭ ጣለችው። ቤቱ ተረፈ፤ የአረፋ ቀኝ እጅ ግን እስከ ክርኗ ተላጠ። ሰፈሩ ይሄን አንድ እሳት ተቀብሎ ስድስት አድርጎ አወራው።

ላውንድሪው እንደገና በተከፈተ ዕለት አረፋ እጇን በፋሻ ጠቅልላ መጣች።

«ይቅር በይኝ እታለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላሸተትኩም። አዎ ብንላት ትደነግጣለች፣ የለም ማለቱ ይሻላል እያልን…»

«እያላችሁ? ማንና ማን?»

«ሁላችንም» አለ ጋሼ ወለሉን እያየ። «ከእንግዲህ ግን ምዬልሻለሁ፣ እናሸታለን።»

እታለም የካውያውን ገመድ እንደያዘች ሶኬቱ ጋ ቆመች። አልሰካችውም። አረፋ ፋሻዋን መነካካት ያዘች፤ ጋሼ መጥረጊያ ፍለጋ ዞረ።

«እስከ ዛሬ የለም ካላችሁኝ ውስጥ» አለች፣ «ስንቱ ከራሴ ነበር?»